ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩት

የጓሮ ትምህርት ዓምድ

ባለፈው እትማችን በመጠለያችን ደጃፍ በዘይት ቆርቆሮ ስለሚተከሉ ችግኞች ጽፈን ነበር። በዚህኛው ስለ ጎመን ልናወራችሁ ተዘጋጅተን ሳለ ከካርቱም አንድ ስልክ ተደወለልንና ሐሳባችንን ቀየርን።

ደዋዩ ከዚህ መጠለያ ወጥቶ ወደ ካርቱም የተመለሰ ወንድማችን ነው። ስሙን እንዳንጽፍ ለምኖናል። ሥራ ያገኘው አል-ማንሺያ ውስጥ በአንድ ግቢ ነው። ሰፈሩን የማታውቁት ካላችሁ፣ አል-ማንሺያ በካርቱም ምሥራቃዊ ክፍል በጥቁር ዓባይ ዳር ያለ፣ በስሙ የሚጠራ ድልድይ ያለው፣ ትላልቅ ቪላዎች የበዙበት ሰፈር ነው። ሀበሻው በብዛት ይኖር የነበረው በደይምና በጀሪፍ ነበር። ጠዋት ጠዋት ግን ብዙዎቻችን እንጀራችንን ፍለጋ ወደ አል-ማንሺያ እንሄድ ነበር፤ እኅቶቻችን ለቤት ሥራ፣ ወንዶቹ ለጥበቃና ለጀናይኒነት። እኛም ጠመኔውን አስቀምጠን የአትክልት መቀስ የያዝነው እዚያው ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023) ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ባለቤቶቹም ሠራተኞቹም ተበተኑ። ግቢዎቹ የሚያጠጣቸው አጡ። የሱዳን ጦር መጋቢት 2017 ዓ.ም. ላይ ከተማዋን መልሶ ከያዘ ወዲህ ሰው ቀስ በቀስ እየተመለሰ ነው። የሚመለሰው ሰውም የሚያገኘው ግማሹ የደረቀ፣ ግማሹ ያለ ልክ ያደገ ግቢ ነው። ሥራ የሚገኘውም እዚህ ላይ ነው።

«መምህር» አለን ወንድማችን፣ «የሂቢስከሱ አጥር ነጭ በነጭ ሆኗል። የቅርንጫፉ ጫፍ ተጨማዶ እንደ ቡጢ ተጨብጧል። የቤቱ እመቤት መድኃኒት ነው ብለው አንድ ጠርሙስ ሰጥተውኛል፤ የለስላሳ ጠርሙስ ነው፣ ምንም ጽሑፍ የለበትም። ነገ ርጨው ብለዋል። ልርጨው?»

«ኧረ በጭራሽ! መጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጠህ እየው። ያየኸውን ነገ ደውለህ ንገረን» አልነው። ለእሱ የነገርነውን ለእናንተም እነሆ።

የሰው አበባ ለኛ ምናችን ነው?

ይህን የምትሉ አትጠፉም። አበባው የሰው ነው፤ መርዙን የሚተነፍሰው ሳንባ ግን የኛ ነው። ደመወዙም የኛ ነው። አጥሩ ከደረቀ የሚባረረው ጀናይኒው ነው።

ሌላም ምክንያት አለ። ሂቢስከስ፣ ካርካዴ፣ ባሚያና ጥጥ አንድ ቤተሰብ ናቸው። የአበባቸውን ቅርጽ ብቻ አስተያዩት፤ እኅትማማቾች መሆናቸው ያስታውቃል። ስለዚህ በአል-ማንሺያ ቪላ አጥር ላይ የሚወጣው ተባይ እዚህ ከመጠለያችን ጀርባ በተከልናት ባሚያም ላይ ይወጣል። ትምህርቱ ለሁላችንም ነው።

አመለካከት ይቅደም

መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሳለን የባዮሎጂ መምህራችን አንድ ማጉያ መነጽር ለመላው ክፍል እያዞሩ ያሳዩን ነበር። ያቺ መነጽር አሁን የለችንም፤ ግን ዓይን አለን። ተባይ ለማወቅ አራት ነገር ይበቃል።

አንደኛ፣ ቅጠሉን ገልብጡ። አብዛኛው ተባይ ከፀሐይና ከነፋስ ተሸሽጎ የሚኖረው ከቅጠሉ ሥር ነው። ከላይ የምናየው ቢጫ ነጥብ ወይም መጨማደድ ምልክቱ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ጉንዳን ፈልጉ። ጉንዳን በግንዱ ላይ ሰልፍ ይዞ ሲወጣና ሲወርድ ካያችሁ ላይ ቤት የሚታለብ ነገር አለ ማለት ነው። የዛፍ ፈሳሽ የሚመጡ ተባዮች ትርፉን ስኳር በጀርባቸው ያወጡታል። ጉንዳን ያንን ይልሳል፤ ለውለታውም እነሱን ሊበሉ የሚመጡትን ያባርርላቸዋል። ልክ እንደ እረኛና እንደ ላም ነው።

ሦስተኛ፣ ቅጠሉን ዳስሱ። የሚያጣብቅ ከሆነ ያው ስኳር ነው። ሲቆይ ደግሞ ጥቁር ጥቀርሻ የሚመስል ሻጋታ ይበቅልበታል። ሰው ጥቁሩን አይቶ «በሽታ ነው» ይላል፤ ሻጋታው ግን የመጣው ስኳሩን ተከትሎ ነው። ስኳሩን የሚያመርተው ሲጠፋ እሱም ይጠፋል።

አራተኛ፣ ነጭ ወረቀት ከቅርንጫፉ ሥር ይዛችሁ ቅርንጫፉን መታ መታ አድርጉት። የወረደው ነገር ወረቀቱ ላይ ሲንቀሳቀስ ይታያል።

እነማን ናቸው?

ክሽክሽ፦ አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ቢጫ፣ ሰውነቷ ለስላሳ፣ በለጋ ጫፍና በእምቡጥ ላይ ተጨናንቃ የምትቀመጥ ናት። ጽጌረዳ ላይ በቀዝቃዛው ወራት ትበዛለች። ሱዳኖች ዲፍላ በሚሉት በኦሊያንደር ላይ የምትወጣው ደማቅ ቢጫ፣ እግሯ ጥቁር ነው። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ ኦሊያንደር ራሱ መርዛም ተክል ነው። ስትቆርጡት ጓንት አድርጉ፣ ፈሳሹ ዓይናችሁ እንዳይገባ፣ እንጨቱንም ለማገዶ አታንድዱት፤ ጭሱም ይጎዳል።

ሚሊበግ፦ ዱቄት የተነሰነሰባት የምትመስል፣ በቅርንጫፍ መጋጠሚያና በተጨማደደ ጫፍ ውስጥ እንደ ባዘቶ ጥጥ የምትታይ ናት። ጥጡ የእንቁላሏ ከረጢት ነው፤ በአንዱ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ይኖራል። የሂቢስከስ ሚሊበግ የምትባለው ስትጨፈለቅ ሮዝ ቀለም ታወጣለች። ምራቋ ቅጠሉን ስለሚመርዘው ጫፉ ተኮማትሮ ይቀራል። በግብፅ ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ ትታወቃለች።

ነጭ ዝንብ፦ ተክሉን ነቅነቅ ስታደርጉት እንደ አመድ ብን ብሎ ተነሥቶ መልሶ የሚያርፍ ነው። ላንታና፣ ሂቢስከስ፣ ባሚያ፣ ቲማቲም አይመርጥም።

ስኬል፦ ይህ ተባይ አይመስልም። በግንድና በቅጠል ላይ እንደ ምስር ተለጥፎ አይንቀሳቀስም። በጥፍር ስትፍቁት ከተላቀቀ ስኬል ነው፤ ካልተላቀቀ የተክሉ ቅርፊት ነው።

ቀይ ሸረሪት፦ ነፍሳት አይደለም፤ ስምንት እግር አለው፣ የሸረሪት ዘመድ ነው። ከነጥብ ያነሰ ስለሆነ የምታዩት ቅጠሉ በመርፌ የተወጋጋ መስሎ ሲገረጣና ከሥሩ ስስ ድር ሲታይ ነው። ሙቀት፣ ድርቀትና አቧራ ይወዳል፤ ካርቱም ለእሱ ገነት ናት። ከሃቡብ በኋላ የሚበዛውም ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ወዳጆቻችንን እንወቅ። የጽጌረዳ ወይም የቡጋንቪላ ቅጠል ጠርዙ በመቀስ ክብ ተደርጎ የተቆረጠ ከሆነ ያደረገችው ቅጠል ቆራጭ ንብ ናት። ቅጠሉን ለጎጆዋ ነው የምትወስደው፤ አበባ ታዳቅላለች፤ ተዋት። ቀይ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ትንሽ ጥንዚዛ ክሽክሽ በሊታ ናት። እጯ ግን እናቷን አትመስልም፤ ጠቆር ያለች፣ ረዘም ያለች፣ እንደ ትንሽ አዞ ናት። ሚሊበግ የሚበሉ የአንዳንድ ጥንዚዛዎች እጮች ደግሞ እንደ ሚሊበግ ነጭ ሰም ለብሰው ይሄዳሉ። ልዩነታቸው ፍጥነታቸው ነው፤ እጩ ቶሎ ቶሎ ይራመዳል፣ ሚሊበግ ግን ትጎተታለች። ይህን ሳናውቅ ስንቱን ዘበኛ ሌባ መስሎን ገደልነው!

የገዚራ ትምህርት

«ይህ ሁሉ ከሚሆን ረጭቶ መገላገል አይሻልም?» ትሉ ይሆናል። መልሱ ከአል-ማንሺያ ብዙ ሳይርቅ፣ ከካርቱም በስተደቡብ በሁለቱ ዓባዮች መካከል ይገኛል። የገዚራ ጥጥ እርሻ የሰናር ግድብ ሲያልቅ እ.ኤ.አ. በ1925 የተጀመረ፣ በዓለም ከታወቁት ትላልቅ የመስኖ እርሻዎች አንዱ ነው። መጀመሪያ ላይ በአንድ ወቅት አንድ ሁለት ጊዜ ይረጭ የነበረው መርዝ በ1970ዎቹ መጨረሻ ስምንትና ዘጠኝ ጊዜ ደረሰ። ዲዲቲ ያለበት ድብልቅ ዋናውን ትል ቢገድልም ነጭ ዝንብን የሚበሉትን ጥንዚዛዎችና ጥቃቅን ተርቦች አብሮ ጨረሳቸው። ያኔ ቀድሞ ይህን ያህል የማያሳስበው ነጭ ዝንብ ዋና ጠላት ሆነ። የሚያወጣው ስኳር ጥጡን አጣበቀው፤ ፈታዮች በማሽናቸው ላይ እየተለጠፈ አስቸገራቸው፣ የሱዳን ጥጥም ስሙ ተበላሸ። በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1981 ዲዲቲ ከጥጥ ላይ ተከለከለ፤ ርጭትን የመቀነስና ወዳጅ ነፍሳትን የመጠበቅ ሥራም ተጀመረ።

የገዚራ ታሪክ በአንድ ቪላ አጥር ላይም ይደገማል። መርዝ ስንረጭ ቶሎ የሚሞተው በቅጠል ላይ ክፍት ሆኖ የሚዞረው ጥንዚዛ ነው። ሚሊበግ ሰሟን ለብሳ በተጨማደደው ጫፍ ውስጥ ተሸሽጋለች። በሳምንቱ ትመለሳለች፤ ጥንዚዛው ግን የለም።

በሌላ ወገን የዝዋይ (የዛሬዋ ባቱ) የጽጌረዳ እርሻዎችን ተመልከቱ። ለውጭ ገበያ የሚያመርቱት እነዚህ እርሻዎች ቀይ ሸረሪትን የሚበላ ሌላ ሸረሪት መሰል ፍጡር ገዝተው ተክሉ ላይ ይለቃሉ። ትርፍና ኪሳራ የሚቆጥር ነጋዴ ይህን ካደረገ እኛ ጥንዚዛውን ብንተወው ምን እንጎዳለን? የካሪቢያኗ ደሴት ግሬናዳም እ.ኤ.አ. በ1994 የሂቢስከስ ሚሊበግ ገብታባት በቆረጣና በመርዝ ብትታገል አልሆነላትም። ያቃለለላት ከውጭ የመጡ አንድ ጥቃቅን ተርብና አንድ ጥንዚዛ ናቸው።

ምን እናድርግ?

ወንድማችን በማግስቱ ደወለ። «ነቀነቅኩት፤ የሚበር ነገር የለም። ጫፉን ብከፍተው ጥጥ ነው። ብጨፈልቀው ሮዝ ወጣ። ጉንዳን ሰልፍ ይዟል» አለን። እሰይ! እንግዲህ ሚሊበግ ናት። እንዲህ አድርግ አልነው፤

1. በመጀመሪያ ረጅም እንጨት ይዘህ አጥሩ ሥር ያለውን ሣርና ቆሻሻ ከሩቅ ሆነህ አስተውል። ካርቱም ከጦርነት የወጣች ከተማ ናት፤ በቁጥቋጦ ውስጥ ያልፈነዳ ነገር ሊኖር ይችላል። የማታውቀው ብረት ካየህ አትንካ፤ ሰው አርቅና ለባለሥልጣን አስነግር።

2. የተጨበጠውን ጫፍ ሁሉ ከታመመው ቦታ ዝቅ ብለህ ቁረጥ። እዚያው ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ክተት እንጂ መሬት ለመሬት አትጎትት፤ ጫጩቶቹ በነፋስ፣ በልብስና በመቀስ ይዛመታሉ። ከረጢቱን አስረህ ብዙ ቀን ፀሐይ ላይ ተወው። መቀሱን በሳሙና እጠብ።

3. ጉንዳኑን ከልክል። ግንዱ ላይ ጨርቅ ወይም ላስቲክ ጠምጥመህ በላዩ ላይ ግራሶ ቀባ። ግራሶውን በቀጥታ ልጡ ላይ አትቀባ። አጥሩን የሚነካ ሌላ ቅርንጫፍ ካለም ቁረጥ፤ ጉንዳን ድልድይ አያጣም።

4. የቀረውን በውሃ ግፊት ከሥር ወደ ላይ እጠበው። ለቀይ ሸረሪትም ለክሽክሽም ይህ ብቻውን ትልቅ መድኃኒት ነው።

5. በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጥ። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሆንም፤ ቅጠል ያቃጥላል። መጀመሪያ ጥቂት ቅጠል ላይ ሞክረህ ሁለት ቀን ጠብቅ። ካልጎዳ ፀሐይ ከበረደ በኋላ ከቅጠሉ ሥር ርጭ። ሳሙና የሚሠራው የነካውን ብቻ ስለሆነ በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል። ጥንዚዛ ያለበትን ቅርንጫፍ ዝለለው።

ለስኬል በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በሳሙና ውሃ መፋቅ ይበቃል። ለነጭ ዝንብ ደግሞ ሁላችንም ቤት ያለውን ቢጫ ጀሪካን አስቡ። ነጭ ዝንብ ቢጫ ይወዳል። የተሰበረ ቢጫ ጀሪካን ቆርጣችሁ ግራሶ ቀብታችሁ ከተክሉ አጠገብ ስቀሉት፤ መጥቶ ይጣበቃል።

ኒምን አንርሳ። የካርቱምን ጎዳና የሚያጠላው ያው ዛፍ ነው። ሃይንሪሽ ሽሙተረር የተባሉ ጀርመናዊ የነፍሳት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1959 ሱዳን ውስጥ የአንበጣ መንጋ ሁሉን ሲያራግፍ ኒም ግን ቅጠሉ ሳይነካ መቅረቱን አስተውለው ነው ዕድሜ ልካቸውን ያጠኑት። ግማሽ ኪሎ የደረቀ የኒም ዘር ተፈልፍሎና ተወቅጦ በ10 ሊትር ውሃ ሌሊቱን ይዘፈዝፋል፤ በጨርቅ ይጠለላል፤ በዚያው ቀን ማታ ይረጫል። ፀሐይ ስለሚያደክመው አይከማችም። ተባዩን ወዲያው አይጥልም፤ መብላትና ማደግ ይከለክለዋል። ከተክል የተገኘ ነው ብላችሁ ግን አትቅመሱት፤ ከልጆችም አርቁት።

ጠርሙሱስ?

እዚህ ላይ አንድ የምናፍርበትን ነገር እንናገር። ከጦርነቱ በፊት አል-ማንሺያ ስንሠራ አንድ ጓደኛችን በነጠላ ጫማ፣ አፉን በሻሽ አስሮ ጽጌረዳ ይረጭ ነበር። የሚረጭበት ዕቃ ጀርባው ላይ ያፈስ ነበር። ወደ ማታ «ዓይኔ ደበዘዘ» አለ፤ ላቡና ምራቁ ይወርድ ጀመር፤ አስመለሰው፤ ክንዱ ተንቀጠቀጠ። እኛ ሁላችን ምን አደረግን? ወተት ልንገዛ ሮጥን! መምህር ተብዬዎቹም ከሯጮቹ መካከል ነበርን። ወተቱን ስናጠጣው መርዝ የጠጣው ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ነበር። ያወለቀለት ሰው አልነበረም። ሐኪም ቤት ሲደርስ ነርሷ መጀመሪያ ያደረገችው ያንን ሸሚዝ መቅደድ ነው። ተረፈ፤ ግን ብዙ ጊዜ ሥራ መሥራት አልቻለም፣ በቦታውም ሌላ ሰው ገባ።

ስለዚህ ይህን ያዙ። ወተት የመርዝ ማርከሻ አይደለም። መርዝ በቆዳም ይገባል። መርዝ የነካውን ሰው ከቦታው አርቁ፤ ልብሱን ሁሉ አውልቁ፤ ጸጉሩንና ጥፍሩን ጨምሮ በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት፤ ዓይኑ ከተነካ 15 ደቂቃ ያህል ውሃ አፍስሱበት። የምታጥቡትም እጃችሁን በላስቲክ ሸፍኑ። የጠጣ ከሆነ እንዲያስመልስ አታስገድዱት። ዕቃውን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሩጡ፤ ሐኪሙ ማርከሻ የሚሰጠው መርዙን ሲያውቅ ነውና።

ጽሑፉ ዐረብኛ ወይም እንግሊዝኛ ቢሆንባችሁ እንኳ ቀለሙን ተመልከቱ። በብዙ የጸረ ተባይ ዕቃ ግርጌ ባለ ቀለም መስመር አለ። ቀይ እጅግ መርዛም ነው፤ ቢጫ ጎጂ ነው፤ ሰማያዊ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ አረንጓዴ ከሁሉም የቀለለ ነው፤ እሱም ቢሆን ጓንትና መታጠብ ይፈልጋል። ለቤት አበባ ቀይና ቢጫ መስመር ያለውን አትንኩ። መስመርም ጽሑፍም የሌለው ጠርሙስ ደግሞ ከቀይም ይብሳል፤ ምን እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚበጠበጥ፣ ማርከሻው ምን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ ያለ መርዝ ደግሞ ለተጠማ ልጅ ለስላሳ ነው።

ወንድማችንም ጠርሙሱን ሳይከፍት በእጁ ይዞ ወደ እመቤቲቱ ሄደ። ወደ ቦይ እንዳይደፋው፣ ወደ ዓባይም እንዳይወረውረው ነግረነዋል። በምትችለው ዐረብኛ በለሳለሰ ቃል እንዲህ በል አልነው፦ «ያ ሲት፣ ይህ ሙቢድ ስም የለውም። ልጆችዎ ግቢ ውስጥ ይጫወታሉ። ከርስዎ የምፈልገው ሳሙናና ውሃ፣ ሦስት ሳምንትም ጊዜ ነው። ካልተሻለው ይናገሩኝ።» እመቤቲቱ ቅጠሉን ገልብጦ ሲያሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት አሉ። ከዚያ ጠርሙሱን ተቀብለው መጋዘን ቆለፉበት። ሳሙናውን በራሳቸው እጅ አመጡለት።

አሁን ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። አዲስ ጫፍ ማውጣት ጀምሯል ብሎናል፤ ግን ገና ነው፣ በአንድ በኩል ነጩ አልጠፋም። ውጤቱን በሚቀጥለው እትም እናደርሳችኋለን። እስከዚያው እናንተም ከመጠለያችሁ ጀርባ ያለችውን ባሚያ ቅጠል ገልብጡና ያገኛችሁትን በነጭ ወረቀት አጥፋችሁ ትምህርት ቤት አምጡልን፤ ከልጆቹ ጋር እናየዋለን።

ቸር እንሰንብት!